የአራት ሰዓቱ ሊቶሪና

ከተዘጋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው የገላሌ ባቡር ጣቢያ፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩን አነሳ።

«ገላሌ» አለ ጣቢያው።

ይፍሩ እጀታውን የዘወረው ለወጉ ያህል ነበር። ባቡር ከአንድ ጣቢያ ከመነሳቱ በፊት ወደሚቀጥለው ጣቢያ ተደውሎ መስመሩ ባዶ መሆኑ ይጠየቃል፤ በሁለት ጣቢያ መካከል በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይሄድም። የይፍሩ ባቡር ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ መሆኑ ደንቡን አይለውጠውም። ስለዚህ ይፍሩ ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ላይ አሮጌ የሚዘወር ስልክ በሁለት ብሎን አስሯል። ከስልኩ የሚወጣው ሽቦ ግንዱን ሁለት ክንድ ያህል ይወርድና ሚስማር ላይ ተጠምጥሞ ያበቃል።

«ቢዮ ደራ ነኝ» አለ ይፍሩ። «መስመር ባዶ ነው?»

«አይደለም። ተይዟል» አለ ጣቢያው፤ ዘጋው።

ይፍሩ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ አጎንብሶ የሎኮሞቲቩን የእሳት በር ከፈተና ፍሙን ማንኪያ በምታክል አካፋ እየዛቀ አሸዋው ላይ ደፋው። ባቡሩን ሲሠራ በቆየበት ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለኮሰ እሳት ነበር። ማሽኑ ትንሽ ተነፈሰና ዝም አለ። ይፍሩ ሚስቱን ጠራ።

«ውድነሽ፣ ገላሌ መስመሩ ተይዟል ይላል።»

ውድነሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «ማን ይዞት ነው?» አለች።

የባቡር ሰው ሆና የኖረች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው። ገላሌ በማን አፍ ሊናገር እንደቻለ ማሰብ የጀመረችው ሽንኩርቱን ከትፋ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ቢዮ ደራ ከድሬዳዋ በታች፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ምን እንደምትሠራ ግራ ገብቷት ተቀምጣለች። ይፍሩ የባቡር መጠገኛው ዴፖ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት በመካኒክነት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ሌላው ወንድ ጡረታ ሲወጣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ያዘወትራል፣ ወይ በርጫ ላይ ይሰነብታል፣ ድፍረቱ ካለውም ውሽማ ይይዛል። ይፍሩ ቦይለር ያዘ። የእህሉን ክፍል አራግፎ የብረት መቅረጫ ቶርኖ አስገባ፣ ብረት መያዣ ሞርሳ ተከለ። ዴፖው ጀርባ ዝጎ የቆመውን ጥንታዊ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እየሄደ በካሊበር ይለካል፤ የለካውን ሁሉ ለዐሥር ያካፍላል፤ ያካፈለውን ይሠራል። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፣ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቦይለሩን ከመዳብ ቱቦ፣ ፉጨቱን ከጥይት ቀለህ አወጣው። ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት የብረት ማያያዣ ሪቬት በእጁ መታ። ከሆዱ ሥር አንዷ ጠማማ ሆና ብትወጣ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ነቀላትና እንደገና መታት።

«እዚያ ሥር ገብቶ ማን ሊያያት ነው?» አለችው ውድነሽ።

«እኔ አውቃታለሁ» አላት።

ጎረቤታቸው ሩቅያ ባጅያ ጠብሳ የምትኖር ሴት ናት፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሥራውን ስታይ ሰባት ዓመት ሞላት። «አቦ ውድነሽ፣ ይሄ ባቡር ለድመት ነው ለዶሮ?» ትላለች።

«ላንቺ ነው። ምላስሽ ስለማይበቃው ሌላ ፉርጎ እየቀጠለ ነው» ትላለች ውድነሽ።

የሐዲዱ መስመር ከሥራ ክፍሉ በር ይነሳል፤ በውሃ ታንከሩ በኩል ያልፋል፤ ወደ ምዕራብ የዞረውን በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ተከትሎ ይሄድና ከወጥ ቤቱ ኋላ ይታጠፋል። እዚያ ያበቃል። ሠላሳ አንድ ሜትር ነው። ይፍሩ መጨረሻው ላይ ቆርቆሮ ተክሎ በነጭ ቀለም «ገላሌ» ብሎ ጻፈበት። ውድነሽ ቆርቆሮውን አየችው። የዚያን ቀን ወጡ ጨው አልነበረውም።

ሌላም ነገር ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ከሰል ነው የሚስማማው፤ ይፍሩ ግን የግራር ፍልጥ እንደ ክብሪት እንጨት እየሰነጠቀ ነው እሳቱን ያዘጋጀው። በዚያ ቤት ከሰል አይገባም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልገባም። ውድነሽ መጀመሪያ በላምባ፣ ኋላ በኤሌክትሪክ ታበስላለች።

ይፍሩ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ይዘገያል። ቅዳሴ ይዘገያል፣ ለቅሶ ይዘገያል፣ ለምሳ ተጠርቶ ይዘገያል። ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ለሁሉም እኩል ነው። «ሰዓትህን አስተካክል» ስትለው ግራ እጁን አየት ያደርግና «ልክ ነው» ይላል። ከዚህ ነገር ጋር መጣላት ደክሟት ከተወችው ቆየች።

ውድነሽ የቢዮ ደራ ጣቢያ የስልክ ሠራተኛ ነበረች። ሥራ የጀመረችው በጠራጊነት ነው። ፊደል የለየችው ፉርጎ ላይ ከተለጠፈው «ከመስኮት ውጭ እጅ ማውጣት ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ መንገደኞች ረስተዋቸው የሚወርዱትን መጻሕፍት ታነብ ጀመር። ኦቾሎኒ ሻጮች ለመጠቅለያ የሚቀድዱት ከኋላ ገጽ እየጀመሩ ስለነበር እጇ የሚገባ መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ውድነሽ ብዙ መጽሐፍ አንብባለች፤ የጨረሰችው የለም። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ አታውቅም። አይከፋትም። እንዲያውም የመጨረሻ ገጽ ያለው መጽሐፍ ሲገጥማት እንኳ እዚያ ሳትደርስ ማስቀመጥ ለምዳለች።

ስልኩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው። ሰው እናቴ ታማብኛለች ብሎ ቢለምን፣ ሚስቴ ወልዳ ብሎ ቢያለቅስ «ይህ የአገልግሎት ስልክ ነው» ትላለች። የራሷ እናት የሞተች ጊዜ እንኳ መርዶውን ያረዳት ከባቡር የወረደ መንገደኛ ነው፤ በስልኩ ልንገራት ብሎ የደፈረ አልነበረም።

ያን ማክሰኞ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨምራ፣ እጇን ታጥባ፣ ወደ ኒሙ ሄደች። እጀታውን ሦስት ጊዜ ዘወረች።

«ገላሌ።»

ድምፁን አወቀችው። የገላሌ ጣቢያ አለቃ ሙሴ አብዶሽ ነው። ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ለቅሶው ላይ ከልጆቹ ጋር ሦስት ቀን ተቀምጣለች።

«ሙሴ አብዶሽ፣ አንተ ሞተህ የለም እንዴ?»

«ሞቻለሁ። ፈረቃዬ ግን አላለቀም» አለ። «የሚተካኝ ሰው በሊቶሪናው ነው የሚመጣው። አቦ፣ እንዴት ነሽ? ይፍሩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ባቡር ሠርቷል።»

«ደግ አደረገ። ግን አልቀበለውም። የአራት ሰዓቱ ሊቶሪና ከእናንተ ተነስቷል ተብሎ እኔ ጋ ተመዝግቧል። ያስመዘገብሽው አንቺ ነሽ። እስካሁን አልደረሰም። መስመሩ የእሱ ነው።»

ሊቶሪና ሰው ብቻ የሚጭን፣ በሞተር የሚሄድ ፈጣን ባቡር ነው። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በኅዳር፣ ሐሙስ ቀን፣ ስልሳ አንድ ሰው ጭኖ ከቢዮ ደራ ተነሳ። ገላሌ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። አልደረሰም። ሰው ከሁለቱም ጫፍ ሐዲዱን ይዞ በእግሩ ሄደና መሐል ላይ ተገናኘ፤ ተያየ፤ ተመለሰ። በመንገዱ ላይ ድልድይ የለም፣ ገደል የለም፣ መገንጠያ የለም። የዘይት ጠብታ እንኳ አልተገኘም። መዝገቡ ላይ «ዘግይቷል» ተብሎ ተጻፈ። የመንገደኞቹ ቤተሰቦች መጀመሪያ በየቀኑ፣ ኋላ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየዓመቱ እየመጡ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አግዳሚው ተነቀለ።

ከስልሳ አንዱ አንዷ የይፍሩና የውድነሽ ልጅ ፋናዬ ነበረች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ ስለሚሳፈር ወተቱንም ከሰሉንም ከገበያ አይገዛም ነበር፤ ልጅ ልኮ ከየጣቢያው ያስመጣል። የገላሌ ከሰል ጥሩ የግራር ከሰል ነው፣ አመድ አያበዛም። ፋናዬ የተላከችው ሁለት ጆንያ ከሰል እንድታመጣ ነበር። ሊቶሪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚመለስ መልስ ቲኬት ይዛለች። ከመንገደኞቹ ሁሉ መልስ ቲኬት የነበራት እሷ ብቻ ናት።

«ያለው መንገድ ሁለት ነው» አለ ሙሴ አብዶሽ። «ወይ እኔ ደረሰ እላለሁ፤ አልደረሰምና አልልም። ወይ አንቺ ተሰርዟል ትያለሽ። ያኔ መስመሩ ይለቀቃል፤ እኔም እሄዳለሁ።»

«የት ትሄዳለህ?»

«ሌሎቹ የሄዱበት። ደክሞኛል ውድነሽ። እዚህ ውሃ ካለቀ ቆየ።»

«አልልም» አለች።

«አላስገድድሽም» አለና ዘጋው።

ይፍሩ የታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ሊማ ብረት የሚሞርድ ይመስላል። ሐኪሙ ሳንባህ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቷል ብሎታል፤ የሚቀጥለውን ክረምት በተመለከተ ምንም አላለውም።

«ተሰርዟል በይው» አላት። «አንዴ ሲሄድ ልየው። ከዚህ እስከዚያ ነው። ሠላሳ አንድ ሜትር።»

«ስልሳ አንድ ሰው ነው የምሰርዘው።»

«አንድ ነው» አለ ይፍሩ።

ወጡ እያረረ ነበርና ውድነሽ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አነበበች። ከአልጋው ሥር ሳጥኗን ጎትታ የጣቢያውን መዝገብና የባቡር እንቅስቃሴ ደንቡን አወጣች። የደንቡ መጽሐፍ ኦቾሎኒ ሻጭ ያልደረሰበት ብቸኛ መጽሐፏ ነው። «ተሰርዟል» ወይም «ደረሰ» ከማለት ሌላ ሦስተኛ መንገድ ፈልጋ አንቀጽ በአንቀጽ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። ይህን ገጽ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንብባው አታውቅም። እንዲህ ይላል፦ «የመነሻ ሰዓቱ በስሕተት የተመዘገበ ባቡር፣ ስሕተቱ እስኪታረም ድረስ በመንገድ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መዝገቡን ከፈተች። የኅዳሩ ሐሙስ ገጽ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ «አራት ሰዓት» ይላል።

መዝገቡን ዘግታ እስኪመሽ ድረስ እላዩ ላይ ተቀመጠች።

ሐሙስ ጠዋት የድሮ ካኪ ኮቷን ለበሰች። አንድ ቁልፍ አልዘጋ አላት፤ ተወችው። የመኝታ ቤቱን የጠረጴዛ ሰዓት ይዛ ወጣችና ኒሙ ሥር አስቀመጠችው። ይፍሩ ኮቱን ሲያይ ተሰርዟል ልትል ነው ብሎ አሰበ፤ እሳቱን ለኮሰ። የግራሩ ፍልጥ ተንጫጫ፣ የግፊት መለኪያው እጅ መነሳት ጀመረ። አራት ሰዓት ሲሆን ሎኮሞቲቩ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ውድነሽ ዘወረች።

«ገላሌ።»

«ቢዮ ደራ ነኝ። ማረሚያ አለኝ።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ቀጥዪ» አለ ሙሴ አብዶሽ።

«የአራት ሰዓቱ ሊቶሪና በአራት ሰዓት አልተነሳም። የተነሳው በአራት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው።»

«ምክንያት?»

ደንቡ ምክንያት ይጠይቃል። ውድነሽ ግንባሯን ኒሙ ላይ አስደግፋ፣ ጀርባዋን ለባሏ ሰጥታ ተናገረች።

«ልጄ ዘግይታ ነው። ፀጉሯን ስትታጠብ ረፈደባት። ዛሬ ይቅርብኝ ብላኝ ነበር፤ ከሰሉ በእግሩ አይመጣም አልኳት። ባቡሩ ሊነሳ ሲል በመስኮት አየኋት፣ ትሮጣለች፣ ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ነጂውን በእጄ ያዝ አልኩት። ያዘልኝ። ተሳፈረች። ለዘገየ ባቡር ምክንያት ይጻፋል፤ ልጄን ምክንያት ብዬ አልጽፍም አልኩ። አራት ሰዓት ብዬ ጻፍኩ፣ ላንተም አራት ሰዓት ብዬ ነገርኩህ።»

«ባትይዢው ኖሮ?»

«ያመልጣት ነበር። ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።»

ውድነሽ ዞረች። ይፍሩ ትንሿን አካፋ እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ ላይ አዲስ ነገር አልነበረም። የግራ እጁን እጅጌ ሰብስቦ ሰዓቱን አሳያት፤ ከዚያ መሬት ላይ ያለውን የጠረጴዛ ሰዓት በጣቱ አመለከተ። የእሱ በአራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

«ዴፖ ውስጥ ሰዓታችንን የምናስተካክለው በሊቶሪናው ፉጨት ነበር» አለ። «ያን ቀን ሲያፏጭ አራት ሰዓት ላይ አደረግኩት። ማታ ከራዲዮው ጋር አልገጠመም።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ።

«ውድነሽ፣ አለሽ?» አለ ስልኩ።

«አለሁ።»

«የአራት ሰዓት ከአራት ደቂቃው ሊቶሪና ገባ።»

በስልኩ ውስጥ ፍሬኑ ሲፋጭ ሰማች። በር ተከፈተ፣ ፍየል ጮኸ፣ አንዲት ሴት ሻንጣዬን አቀብሉኝ አለች፣ አንድ ሽማግሌ ዛሬስ ፈጥኖ ገባ አለ። እግር ቆጠረች፤ እስከ አርባ ድረስ ቆጥራ ተምታታባት።

«ፋናዬ ወርዳለች?»

«ወርዳለች። ከሰል እየመረጠች ነው። ፀጉሯ ገና አልደረቀም።»

«አቅርብልኝ፣ አብዶሽ። አንድ ቃል ብቻ።»

«ይህ የአገልግሎት ስልክ ነው» አለ ሙሴ አብዶሽ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ውድነሽ ይህን ቃል ታውቀዋለች። አልተከራከረችም።

«አሁን አንድ ነገር አለ» ሲል ቀጠለ። «የሚተካኝ መጥቷል፤ የመጣው ግን ጣቢያውን ሊዘጋው ነው፣ ትእዛዙን ይዟል። የመስመር ፈቃድ የምንቆርጥበት ጥራዝ ላይ አንድ ቅጠል ቀርቷል። ወይ የይፍሩ ባቡር ወደዚህ ይምጣ፣ ወይ ሊቶሪናው ወደዚያ ይመለስ። አንዱ ብቻ ነው። ለማን ልጻፈው?»

ውድነሽ ጥያቄውን ለባሏ ልታቀብል አፏን ስትከፍት፣ ይፍሩ የእሳቱን በር ከፍቶ ፍሙን አሸዋው ላይ መድፋት ጀምሮ ነበር።

«ለሊቶሪናው» አለች።

«ለሊቶሪናው። እንግዲህ ደህና ሁኑ። ሐዲዱን ባዶ አድርጉት» አለ ሙሴ አብዶሽ። ከዚያ የወንበር መገፋት ተሰማ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠ ሰው ሲነሳ የሚያሰማው ዓይነት፤ ከዚያ ዝም።

ሎኮሞቲቩ ከስልሳ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይፍሩ ብቻውን የሚያነሳው አልነበረም። ጓንት አጥልቆ በፊት ያዘ፣ እሷ በቀሚሷ ጫፍ በኋላ ያዘች፣ ቦይለሩ ገና ትኩስ ስለነበር መዳፏ ተቃጠለ። ሲያነሱት ሆዱ በእሷ በኩል ዘንበል አለ። ከሥር ያለችውን ሪቬት አየቻት። ቀጥ ያለች ናት።

«ታየች» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ፣ ትንፋሹ እያጠረው።

ወደ ሥራ ክፍሉ አስገብተው ቶርኖው ሥር አኖሩት። ይፍሩ በሩን ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ራሱ ጮኸ። የማታውቀው የወጣት ድምፅ ነበር።

«ገላሌ ነኝ። ሊቶሪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቷል። አንድ መንገደኛ፣ ሁለት ጆንያ።»

«ሰዓቱ ትክክለኛ ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ እትዬ። በዓይኔ እያየሁት ነው።»

መዝገቡ ላይ ጻፈችው። ልጁ «ጣቢያው ተዘግቷል» አለ፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረውም። ሁለቱ ወንበር አውጥተው በግድግዳው ትይዩ ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ከኋላቸው ናት። ሩቅያ ባጅያ በወረቀት ይዛ በአጥሩ በኩል መጣች። ኮቱን አየች፣ የታሰረውን መዳፍ አየች፣ ባዶውን ሐዲድ አየች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ባቡር» አለች ውድነሽ።

«ስንት ሰዓት ይገባል?»

«ዘጠኝ ከአርባ።»

ሩቅያ ባጅያውን ወንበሩ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ «ዘይት ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ሐዲዱ ላይ የወደቀ የኒም ቅጠል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሁለቱም ሐዲዶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘመሩ። ከወጥ ቤቱ ኋላ ጥላ ወጣ። ሐዲዱ የአንዲት ስንዝር ግማሽ ነው፤ ጥላው ግን ለዐሥር አልተካፈለም፣ የግድግዳውን ቁመት ሞልቶት ነበር። ኖራው ላይ ቀስ እያለ መጣ። በሐዲዱ ላይ ምንም አልነበረም። መስኮቶቹ የብርሃን አራት ማዕዘን ሆነው አንድ በአንድ አለፉ፣ ውድነሽ ቆጠረቻቸው፣ ሁሉም ባዶ ነበሩ። የመጨረሻው መስኮት ላይ የሰው ራስ አለ። ፀጉሩ ጀርባው ላይ ተለቋል፤ ከጫፉ የጥላ ጠብታ እየወረደ ግድግዳው ሥር ይጠፋል።

ጥላው ቆመ። በሩ ተከፈተ። አንድ ጆንያ ወረደ፣ ከዚያ ሁለተኛው፤ አፋቸው ላይ የተጠቀጠቀው ቅጠል ሳይቀር በጥላው ይለያል። ከዚያ ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆመችና፣ የሊቶሪና ደረጃ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የሚያወርዳት ፈልጋ እጇን ዘረጋች።

ውድነሽ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። የራሷ ጥላ ከፊቷ ሄደ። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ውስጥ ምንም አልገባም፣ ቃጠሎዋን እንኳ የነካው የለም፤ ግድግዳው ላይ ግን የጥላዋ እጅ የልጅቷን እጅ ያዘ።

«ይፍሩ» አለች፣ ሳትዞር። «ስንት ሰዓት ነው?»

ይፍሩ ግራ እጁን አየ። «በእኔ ገና አራት ደቂቃ ይቀራል።»

«እንግዲያው በአንተ ይሁን» አለች።

እጇን ዘርግታ ቆመች። ክንዷ ዛለ። አልለቀቀችም። ይፍሩ ሰዓቱን እያየ ደቂቃዎቹን እየጠራ ነገራት፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። በተዘጋው የሥራ ክፍል ውስጥ፣ እሳት የሌለበት ሎኮሞቲቭ አንዴ አፏጨ።

የባቡሩ ጥላ ተንቀሳቀሰ። በታንከሩ በኩል አልፎ ወደ ዴፖው አቅጣጫ ሄደ፣ ሐዲዱ ዝም አለ፣ ቅጠሉ ተኛ። ግድግዳው ላይ ሁለት ጆንያና ሁለት ሴቶች ቀሩ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች የኒሙን ጥላ፣ የታንከሩን ጥላ፣ የይፍሩን ጥላ አስረዘመቻቸው። እነዚያን አራቱን ግን አልነካቻቸውም።

ይፍሩ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። «በቃ፣ ደርሳለች» አላት። «እጅሽን አውርጂ።»

ውድነሽ እጇን አወረደች። የጥላዋ እጅ አልወረደም።